የዓርቡ ድራማ ገዳይ

ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ ያ ሕንፃ ሌላ ጉዳይ የለውም። ከምድር ቤት እስከ መጨረሻው ፎቅ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰየማል። የምርመራ ድራማው ከጀመረ በኋላ ስልክ የሚደውል ሰው ካለ ወይ ዘመድ ሞቶበታል ወይ አእምሮ የለውም። ሰው ሲገደል ማየት ምኑ እንደሚያስደስት እንጃ፤ ግን ሬሳው የሌላ ሰው ከሆነ እግርን ሶፋ ላይ አጣጥፎ ለውዝ እየቆረጠሙ ማየት ይቻላል ማለት ነው። በተለይ መጀመሪያ ላይ «ይህ ታሪክ በእውነተኛ ድርጊት ላይ የተመሠረተ ነው» የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ ሁሉም ወንበሩን ወደፊት ይስባል። እውነት ይጣፍጣል፣ የራስ እስካልሆነ ድረስ።

የዚያን ዕለት እውነቱ የሦስተኛ ፎቅ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች ይኖራሉ፤ አንዲት ምራትና አማቷ። ምራቲቱ ከመንገዱ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ሰፈሩ «ፋርማሲ» ይላታል፤ እናቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ወረቀት ብቻ ነው። አማቷን ደግሞ ትንሽ ትልቁ «እማማ» ይላቸዋል። በሁለቱ መካከል የነበረው ሰው፣ የአንደኛዋ ባል የሌላኛዋ ልጅ፣ መካኒክ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ ጋራዡ ውስጥ ሸሪኩ በመኪና ማንሻ ክሪክ እጀታ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። ሸሪኩ የልጅነት ጓደኛው ነበር። የተሰረቀ የመኪና ዕቃ በጋራዡ በኩል ያሳልፍ ኖሮ መካኒኩ ደረሰበትና «ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አለው፤ ነገን ሳያይ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ምስክር ሰምቶ፣ ማስረጃ አይቶ ፈረደ። ሸሪኩ ግን እስር ቤት ታሞ እስኪሞት ድረስ «እኔ አልገደልኩትም» እንዳለ ነው።

ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ከቀብሩ በኋላ ፋርማሲንና እማማን አንድ ቤት አስሮ የሚያስቀምጣቸው ነገር አልነበረም። እማማ ሌላ ከተማ ያገባች ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ፋርማሲም ብትፈልግ ባል አታጣም ነበር። ሁለቱም የትም አልሄዱም። መጀመሪያ ሐዘኑ እስኪበርድ ተባለ፣ ቀጥሎ ክረምቱ እስኪያልፍ ተባለ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማለት ተወ። ፋርማሲ አባት እናቷ የሞቱባት፣ ወንድም እህት የሌላት ሴት ናት። በዚህ ምድር ላይ «ልጄ» ብለው የሚጠሯት እማማ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ካጣች ወደ ቤት መግባትና ወደ ሆቴል መግባት ለእሷ አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ሻይ አፍልታ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም «እጅሽ ይባረክ» ብለው ይጠጣሉ። ብዙ አያወሩም። ደህና የሚዋደዱ ሰዎች ብዙ ወሬ አያስፈልጋቸውም፤ ወይም ፋርማሲ እንደዚያ ታስብ ነበር።

ድራማው ሲጀምር ሟቹ አናጢ ነው። ፋርማሲ ብርቱካን እየላጠች ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላለችም። አናጢው ሸሪክ አለው፤ ሸሪኩ ሳቂታ ነው፣ ጣውላ ይሸከማል፣ ክፉ ቃል አይወጣውም። ቀጥሎ የአናጢው ሚስት መጣች። ነርስ ናት፤ በእጇ ቀይ ፔርሙዝ ይዛለች። ያኔ የፋርማሲ እጅ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። ባሏ በሞተበት ምሽት ሻይ በቀይ ፔርሙዝ ይዛ ጋራዡ ድረስ የሄደችው እሷ ነበረች፤ ይህንንም ዳኛ ፊት ቆማ ተናግራለች። በድራማው አናጢው ሻዩን ይጠጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮውን ይዞ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ሚስቲቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አማቷ በር ላይ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» ይሏታል፤ «ጭስ ገብቶበት ነው» ትላለች። ኩሽና ትገባና ፔርሙዙን በሳሙና ታጥባለች። ታለቀልቃለች። ከዚያ እንደገና በሳሙና ታጥባለች፤ ዓይኗ በር በሩን ያያል። ቧንቧው እየፈሰሰ «ክፍል ሁለት የፊታችን ዓርብ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«እማማ፣ ይኼ የኛ ነው እኮ» አለች ፋርማሲ።

«ድራማ ነው» አሉ እማማ። ማስታወቂያው ሳያልቅ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ፋርማሲ ብርቱካኑን እንደያዘች ቀረች። ፔርሙዝ ይዛ መሄዷ ችሎት የተሰማ ነገር ነው፤ ማንም ሊያገኘው ይችላል። ፔርሙዙን ሁለቴ በሳሙና ማጠቧን ግን ለማን ነገረች? ለማንም። የታጠበውም ስለቆሸሸ አልነበረም። ቧንቧው ክፍት ካልሆነ እማማ ልቅሶዋን ስለሚሰሙ ነው። ያን ምሽት ከባሏ ጋር ተጣልታ ነበር የመጣችው። የተጣሉት ደግሞ በእማማ ነው፤ «እናትህን እህትህ ጋ ውሰድልኝ፣ ለሁለት ዓመት ቻልኩ፣ ከእንግዲህ አልችልም» ብላው ነበር። በማግስቱ ጠዋት መሞቱ ተነገራት። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ለማን ትናገረዋለች? ለፖሊስ «አልተጣላንም» አለች። ለእማማ «ጭስ ነው» አለች። ሰው አንዴ ጭስ ነው ካለ በኋላ መመለሻው ከባድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይ አፈላች። እማማ «ዛሬ አላሰኘኝም» አሉ። እሑድም አላሰኛቸውም። ሰኞ ስትነሣ ጭራሽ ቀድመዋት ኩሽና ገብተዋል፤ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቆመው ትንሿ ማንቆርቆሪያ ላይ የራሳቸውን ሻይ ያፈላሉ።

«ምነው እማማ፣ ምን ይደክማሉ? እኔ የለሁም?»

«እጄ ሥራ እንዳይረሳ ብዬ ነው» አሉ ሳይዞሩ።

ይህን ሁሉ ዓመት ያልረሳ እጅ ሰኞ ዕለት ሊረሳ ደረሰ። ፋርማሲ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች፤ ደረጃው ላይ ግን የብረቱን ድጋፍ ይዛ ቆመች። የሰፈር ሐሜት ትችላለች፤ ባል የሞተባት ሴት ሐሜት ካልቻለች መጀመሪያውኑ አትተርፍም። እማማ ከእጇ ላለመጠጣት ብለው ማልደው መነሣታቸው ግን አንጀቷን ቆረጠው።

ሰፈሩ በበኩሉ ሥራውን ይሠራል። ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ የደንበኛዋን ጭንቅላት በሳሙና አረፋ እንደተዋጠ ትታ እስከ በሩ ወጣችና «ፋርማሲዬ፣ ዓርብ ተከታተልሽ? እኔማ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለቻት፤ ዓይኗ ግን ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያየው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ቆጣሪ አንባቢ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጥር ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ካርቶኑን አገላብጠው አነበቡ፣ እሽጉን በጥፍራቸው ፈተሹ፣ ወደ መብራት ከፍ አድርገው አዩት።

«የተከፈተ አይደለም አይደል?»

«ጋሼ፣ ከዚህ መደርደሪያ ነው ሁልጊዜ የምሰጥዎ።»

«አይ፣ እንዲያው ነው። አንቺን አይደለም» አሉ። አንቺን አይደለም የተባለ ሰው ማን እንደተባለ ያውቀዋል።

ማክሰኞ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወደ ጓዳ ጠራት። ሰውየው ፊት ለፊት መናገር የማይሆንለት ስለሆነ የሳል ሽሮፕ ጠርሙሶችን እያስተካከለ ተናገረ፤ ክፍል ሁለት እስኪያልፍ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ከመስኮቱ ዞር ብላ ጓዳ ዕቃ ብትደረድር ምን ይመስላታል። እሱ በግሉ ምንም እንደማያምን፣ ድራማ ድራማ መሆኑን እንደሚያውቅ ደጋግሞ ነገራት። ፋርማሲ እሺ አለች። ረቡዕ ግን ፈቃድ ጠይቃ ድራማው ወደሚሠራበት ቢሮ ሄደች። ክፍል ሁለትን ማስቆም ከቻለች እማማ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ ብላ ነው። ቴሌቪዥኑ ያስገባባቸውን ነገር ቴሌቪዥኑ ያውጣላቸው።

ቢሮው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከጎማ የተሠራ ሬሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ጃኬቷን ትከሻው ላይ ሰቅላበታለች። ፋርማሲ እውነተኛውን ስላየች አልደነገጠችም፤ ተናደደች እንጂ።

ደራሲው ጉንፋን የያዘው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ ውሃ አስመጣላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

«አሠራራችን እንዲህ ነው» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «እውነተኛውን ጉዳይ እንወስድና ሦስት ነገር እንቀይራለን፤ የሟቹን ሥራ፣ አገዳደሉን፣ ገዳዩን። ገዳዩን መቀየር ግዴታ ነው። አንድ ጊዜ እንዳለ ብንተወው የተፈረደበት ሰው ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ገተሩን። ከዚያ ወዲህ ገዳይ ሳይቀየር ከዚህ ቢሮ አይወጣም።»

«ለገዳዩ ቤተሰብ አሰባችሁለት ማለት ነው።»

«ለእርስዎም አስበናል። ማንም እንዳያውቅዎ ብለን ነርስ አደረግንዎ።»

«ነርስ አድርጋችሁኝ ፔርሙዙን ቀይ ተዋችሁት» አለች። «ሰፈሩ በሙሉ ያንን ፔርሙዝ ያውቀዋል። እኔ የምሠራው ደግሞ መድኃኒት ቤት ነው፤ እናንተ መርዝ አስያዛችሁኝ።»

ደራሲው መነጽሩን አወረደና ዓይኑ ላይ አደረገው። መድኃኒት ቤት መሥራቷን እንዳላወቁ፣ መርዙን የመረጡት በቀረጻ ጊዜ ደም ስለማያስፈልገው እንደሆነ በቅንነት አስረዳት። እሷም በቅንነት ሰማችው። ሬሳ የሚያጥብ ሰው ስለ ሳሙና እንደሚያወራው ነበር የሚያወራው።

«እሺ፣ ገዳዩን ቀየራችሁ። ለምን ሚስቲቱን? ጥበቃ ማድረግ ትችሉ ነበር፤ ጎረቤት፤ ወንድም።»

«እሱማ ከቤተሰብ የመጣ ስለሆነ ነው።»

«ከየትኛው ቤተሰብ?»

«ከአማትዎ ነዋ» አለ። የምታውቅ መስሎት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሴት መድኃኒት ቤት ድረስ መጥታ «ታሪካችሁን ልንሠራው እንፈልጋለን» ብላት ነበር፤ ፋርማሲ «አይሆንም» ብላ ሸኘቻት፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መስሏት ነበር። አላለቀም። ልጅቱ የድራማው አጥኚ ናት፤ ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ መንገዱን ተሻገረች፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፣ እማማን አገኘች።

«ጎበዝ አጥኚ ናት» አለ ደራሲው፤ ስለ ሥራው ሲሆን ጉንፋኑም ይተወዋል። «ጥያቄዋን ትጨርስና መቅረጫውን ትዘጋለች። አመስግና፣ ቦርሳዋን አንግታ ትነሣለች። በር ላይ ስትደርስ ነው እንግዲህ ‹ለመሆኑ እርስዎ በልብዎ ማንን ይጠረጥራሉ?› የምትለው። ዋናው ነገር ሁልጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው። ሰው መቅረጫ ከተዘጋ በኋላ ያወራውን እንዳወራ አይቆጥረውም። የዓይኑ መቅላት፣ ጭስ ነው ማለቱ፣ ፔርሙዙ ሁለቴ መታጠቡ፣ ይኼ ሁሉ እኛ ከጭንቅላታችን የምናወጣው ነገር አይደለም...»

ፊቷን አየና አቆመ።

«አያውቁም ነበር?» አለ።

ፋርማሲ «ክፍል ሁለት ላይ ትያዛለች?» ብላ ጠየቀች።

«ትያዛለች።»

«ጥፋቷንስ ታምናለች?»

«አማቷ ፊት ተንበርክካ» አለ ደራሲው፤ ይህን ሲል ግን ወደ ጠረጴዛው ነበር የሚያየው። «ተቀርጾ አልቋል። ከልቤ አዝናለሁ።»

አመስግናው ወጣች። ለምን እንዳመሰገነችው አታውቅም።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ስንት ጠዋት ጉልበታቸውን በቅባት አሽታለች። ስንቴ ሐኪም ቤት ይዛቸው ተሰልፋለች። የታመሙ ዕለት ሌሊቱን አጠገባቸው ወንበር ላይ ነው ያደረችው። እሳቸው በዚያ ሁሉ ጊዜ ገዳይ ነሽ እያሉ በልባቸው ሲያይዋት ኖረዋል። ቤት ልግባና ልብሳቸውን በሻንጣ ልክተት፣ ሴት ልጃቸው ጋ ይሂዱ አለች ለራሷ።

ይህን ስትል ነው የባሏ ድምፅ የመጣባት። ያን ምሽት እሷ ተናግራ ተናግራ ስትጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳ፣ ፉት አለ። ከዚያ «እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን፤ ክረምቱ ሲወጣ እወስዳታለሁ» አላት፤ ወደ ሞተሩም ጎንበስ አለ። ተጣልታ ረትታ ነበር የወጣችው። መንገድ ላይ ያስለቀሳት ያ ነው፤ አልሸነፍም ቢላት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እናቱን በአንድ ፉት ሻይ ለውጧታል፤ ያስገደደችው ደግሞ እሷ ናት፤ ራሷን ጠላች። ሲሞት ያ ቃል እሷ ጋ ብቻ ቀረ። እማማን ይዛ የቀረችው በፍቅር ነው ወይስ በዚያ ቃል ምክንያት፣ መጀመሪያ ላይ ብትጠየቅ አታውቀውም ነበር። አሁን ታውቀዋለች፤ በፍቅር ነው። ይህን ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀባት።

እማማ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የደረቀ ልብስ ያጣጥፋሉ። ፋርማሲ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ከድራማው ቤት ነው የመጣሁት።»

እማማ የያዙትን ፎጣ አጠፉና ሌላ አነሡ።

«አንዲት ልጅ እዚህ መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር» አሉ። አልካዱም። «የጠየቀችኝን መለስኩላት። ስለ ልጄ ሁሉን ነገርኳት፤ እንዴት ያለ ልጅ እንደነበር። ደስ አለኝ እኮ። ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ከዚያ ልትሄድ ስትል በር ላይ ቆማ ያንን ጠየቀችኝ። አፌ ተከፍቶ ነበርና ዘረገፍኩት።»

«እኔ ገደልኩት ብለው ነው የሚያስቡት?»

«ያ ልጅ እጄ ላይ ያደገ ነው» አሉ እማማ። ሸሪኩን ማለታቸው ነው። «ከልጄ ጋር ባንድ ሳህን አብልቻቸዋለሁ፤ አብሬ አጥቤያቸዋለሁ። አልገደልኩትም እያለ ሞተ። እሱ ካልገደለው ማን ገደለው እላለሁ። አንቺ ዓይንሽ ደም መስሎ መጣሽ። ጭስ ነው አልሽኝ፤ ጭስ ጭስ አትሸቺም ነበር። አንዳንዱን ቀን አንቺ ነሽ እላለሁ፣ አንዳንዱን ቀን ደግሞ ራሴን እረግማለሁ።»

«ሻዬን እየጠጡ?»

«ከገደለችው እኔንም ትገድለኛለች፣ ያኔ ይለይልኛል እያልኩ እጠጣ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ነው ይኼ። ኋላ ኋላ ሻይ ብቻ ሆነ።»

ፋርማሲ ሳታስበው ሳቀች። «ታዲያ አሁን ለምን ተዉት? ዓርብ አይተው ነው የፈሩኝ?»

«አልፈራሁሽም» አሉ እማማ። «ዓይንሽን ማየት አቃተኝ። ያን የመሰለ ነገር ባዳ ፊት ተናግሬ ከእጅሽ ምን ብዬ ልጠጣ?»

ፎጣውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

«ያቺን ልጅ አየኋት፤ ነርስ የሆነችውን። በልቤ ሳየው እውነት ይመስለኝ የነበረውን ነገር በቴሌቪዥን ሲያሳዩኝ ውሸት ሆነብኝ። ፔርሙዙን ስታጥብ ዓይኗ በር በሩን ነው የሚያየው፤ ሰው እንዳይመጣባት። አንቺ በር አላየሽም። ከኋላሽ ቆሜ ነበር፣ መቆሜንም አላወቅሽም። ትከሻሽ እንዲህ እንዲህ ይላል። ገድሎ የመጣ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ስንት ዓመት ሌላ ነገር አየሁ እያልኩ ኖርኩ። ነገ ወርጄ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«ማን ያምንዎታል፤ እርስዎ በቴሌቪዥን አልወጡ።»

እማማ ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያን ዕለት ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» አሏት።

ፋርማሲ አሁንም ጭስ ነው ብትል እማማ እሺ ይላሉ፤ እሺ ብለው ደግሞ ያንን እሺ ይዘውት ይሞታሉ። ሌላ ሰበብ ብትፈጥርም ያውቁባታል።

«ተጣልተን ነበር።»

«በምን?»

«በእርስዎ» አለች። «ሴት ልጅዎ ጋ ይሂዱልኝ አልኩት። ከእኛ ጋር መኖርዎን አልፈለግኩም ነበር።»

የእማማ እጅ ፎጣው ላይ እንዳለ ቀረ። ከታች ከፀጉር ቤቱ የማድረቂያው ድምፅ ይሰማል። ፋርማሲ ስድብም እርግማንም ጠበቀች፤ ሁለቱም ይገባኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። እማማ ግን ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። እዚህ ቤት ውስጥ እሳቸውን የሚመለከት አንድ ጥያቄ ብቻ እንደቀረው ሰው ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«እሱስ ምን አለሽ?»

ፋርማሲ አየቻቸው። የሸበተው ቅንድባቸው፣ የተዘረጋው አንገታቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ውሸቷን ከዓይኗ ሲያነቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ግን ለማንበብ አልነበረም የሚያዩዋት።

«‹እናቴ ከዚህ ቤት የትም አትሄድም› አለኝ» አለች። «‹ካልተስማማሽ አንቺ ሂጂ› አለኝ። ለዚያ ነው ያለቀስኩት።»

እማማ ፎጣውን አንሥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጠርገው አልጨረሱም፣ እንደገና ጠረጉ።

«እንደዚያ አለ?»

«እንደዚያ አለ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። በሁለተኛው ላይ እሱ ሲናደድ ድምፁን እንዴት ዝቅ ያደርግ እንደነበር፣ አንዷን ቃል እንዴት ጎተት አድርጎ ይላት እንደነበር ጨመረችበት።

«አዎ» አሉ እማማ፣ «እሱ ነው።»